ከፍተኛ ቮልት ትራንስፎርመር በሬዚን መሙላት፦ ቫርኒሽ ይበቃል ወይስ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ?

መዳብ ሽቦ

ሰላም ለመድረኩ። ሁለት ሥራ እጄ ላይ አለ፣ ሁለቱም ኢንሱሌሽን ላይ ቆመዋል። አንደኛው ተራ የ50 ኸርዝ ትራንስፎርመር ነው፣ 220 ገብቶ 24 ቮልት የሚወጣው። እንደ አዲስ ጠቅልዬዋለሁ፣ ይሠራል፣ ግን ድምፁ አይጣል ነው።

ሁለተኛው በፌራይት (እንደ ሸክላ ያለ መግነጢሳዊ ነገር) ኮር የተሠራ፣ ኦዞን ማመንጫ ውስጥ የነበረ ነው። ወደ 8 ኪሎ ቮልት ያወጣል፣ ፍሪኩዌንሲው 20 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው። የድሮው በጥቁር ሙጫ ተሞልቶ የተዘጋ ነበር፣ ተቃጥሎ ነው የመጣልኝ። በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቄ አየሁት። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም። ውስጡ ግን ከላይኛው ሽቦ ተነስቶ ወደ ኮሩ የሚወርድ ፀጉር የሚያክል ጥቁር መስመር አለ፣ ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያወጣ። መነሻው ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ባዶ ቦታ አለች፣ ግድግዳዋ ጥላሸት ለብሷል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጠረጴዛና ጌጣጌጥ የሚሠሩበት ጥርት ያለ ኢፖክሲ አለኝ። ሁለተኛውን በእሱ ሞልቼ ብዘጋው ምን ትላላችሁ? ጓደኛዬ ደግሞ «ሁለቱንም ቫርኒሽ ውስጥ ንከርና አውጣ፣ አለቀ» ይለኛል።

ጠቅላዩ

ለሁለቱ አንድ መፍትሔ የለም። ቀላሉን እንጨርስ።

ባለ 24 ቮልቱ ቫርኒሽ ይበቃዋል። እዚያ ቫርኒሹ የሚሠራው ሥራ ሽቦ ከሽቦ ማጣበቅ፣ እርጥበት መከልከልና ሙቀት ማሳለፍ ነው። 50 ኸርዝ ላይ ያለ ኮር በሰከንድ 100 ጊዜ ይነዝራል፣ የላላ ሽቦ ካለ እሱም አብሮ ይነዝራል፣ ሲፋተግ ሲፋተግ ኢናሜሉ (የሽቦው ስስ ሽፋን) ይላጥና አንድ ቀን ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ድምፁ ጆሮህን ስለሚረብሽ ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ስለሚበላ ነው የሚታከመው። ከመንከርህ በፊት የኮሩን ብሎኖች አጥብቅ። የላላ ብረት ቫርኒሽ ብቻውን አያስረውም። ከኮሩ የብረት ባሕርይ የሚመጣ ቀሪ ድምፅ ይኖራል፣ እሱን ተወው፣ ምንም ብታደርግ አይጠፋም።

አነካከሩ እንዲህ ነው። ጥቅሉን 100 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለጥቂት ሰዓት አቆየው፣ እርጥበቱ ይውጣ። ወረቀትና የጥጥ ሪባን ካለበት ውሃ ይዟል፣ አትጠራጠር። ከዚያ ለብ እስኪል አቀዝቅዘህ ንከረው። ስትነክረው አረፋ ይወጣል፣ መጀመሪያ ግር ብሎ፣ ኋላ አንድ በአንድ። የመጨረሻው አረፋ ወጥቶ ዝም እስኪል አታውጣው። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከወጣ በኋላ አንጠልጥለህ አንጠፍጥፈው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አገላብጠህ።

መጋገሩን ቀስ ብለህ ጀምር። ማቅለጫ ያለበት ቫርኒሽ ከሆነ በአንዴ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ስትከተው ላይኛው ቆዳ ያበጃል፣ ውስጡ ያለው ማቅለጫ መውጫ ያጣል። ወራት አልፎም እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሙቀቱንና ሰዓቱን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ተከተል። ደግሞ ምግብ የሚበስልበት ኦቭን አይሆንም። የማቅለጫው ትነት ከቀላው የማሞቂያ ሽቦ ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ባይፈነዳም ምግብህን ይመርዛል።

ባለ 8 ኪሎ ቮልቱ ሌላ ዓለም ነው። ለዚያ የሚመጡ አሉ።

ሞገድ

መጣሁ። ያየኸው ቅርንጫፍ ያለው መስመር የአረፋ ሥራ ነው። ሙጫው ራሱ ደካማ ሆኖ አይደለም። ደህና ኢፖክሲ በሚሊሜትር 15 ኪሎ ቮልትና ከዚያ በላይ ይችላል። አየር ግን ሰፋ ባለ ክፍተት 3 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ገደማ ላይ እጁን ይሰጣል።

ነገሩ የሚከፋው ኤሌክትሪክ ፊልዱ እኩል ስለማይከፋፈል ነው። የኢፖክሲ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (ነገሩ ፊልዱን ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚነግር ቁጥር) ወደ 4 ነው፣ የአየር 1። ሁለቱ ተደራርበው ሲቀመጡ ሸክሙ ወደ ደካማው ይገፋል። ቁጥር እናስገባበት። 8 ኪሎ ቮልት በ4 ሚሊሜትር ሙጫ ላይ ቢያርፍ በአማካይ 2 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ነው፣ ለሙጫው ቀልድ ነው። ሙጫው ውስጥ ክብ አረፋ ካለች ውስጧ ያለው ፊልድ 1.33 እጥፍ ይሆናል፣ 2.7 ገደማ፣ ልትተርፍ ትችላለች። ያቺው አየር ጠፍጣፋ ሆና ከተኛች ግን፣ ማለት ሙጫው ከአንድ ነገር ላይ ተላቆ ስስ ክፍተት ከፈጠረ፣ 4 እጥፍ ይሆናል፣ 8 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር። ግማሽ ሚሊሜትር የሚሆን የአየር ክፍተት ይሄን አይሸከምም። ሰው ሁሉ ክቧን አረፋ እያየ ሲጨነቅ፣ ገዳዩ ብዙ ጊዜ የማይታየው የተላቀቀው ቦታ ነው።

ክፍተቷ ውስጥ በየግማሽ ሞገዱ ትንሽ ብልጭታ ይነሳል። ፓርሻል ዲስቻርጅ የሚባለው ይሄ ነው። ወዲያው አይገድልም። ግድግዳውን ይበላል፣ ያከስላል፣ ከዚያ ከሰሉ ጫፍ ላይ ፊልዱ ይሰበሰብና መስመሩ ወደፊት ይረዝማል። በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ግማሽ ሞገድ አለ። ባንተ 20 ኪሎ ኸርዝ 40,000። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ዓመታት የሚቆይ ጉድለት ባንተ ዕቃ ላይ ቶሎ የሚጨርሰው ለዚህ ነው።

ባለ 24 ቮልቱን ለምን ቫርኒሽ ይበቃዋል እንደተባለም ከዚሁ ይወጣል። አየር ውስጥ ብልጭታ ለመነሳት ክፍተቱ የቱንም ያህል ቢሆን ቢያንስ ወደ 330 ቮልት ይፈልጋል፣ የፓሸን ሕግ የሚባለው ነው። በሁለት ንብርብር መካከል ጥቂት አሥር ቮልት ባለበት ጥቅል ውስጥ አረፋ ቢኖር ምንም አያመጣም።

የሰነጠቅከውን እንደገና አየው እስኪ። ሙጫው ከሽቦ መውጫው ወይም ከቦቢኑ (ሽቦው የሚጠቀለልበት) ፕላስቲክ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተላቋል?

ፊውዝ በጠሰ

እናንተ ሰዎች ፊዚክስ ፈተና አደረጋችሁት እኮ። እኔ ፈጣኑን የአምስት ደቂቃ ኢፖክሲ ቀብቼበት ስንቱን አሠርቻለሁ። ምንም አይሆንም ወንድሜ፣ ቅባና እደር።

ሃርድነር

ምን ላይ ቀብተህ ነው? 12 ቮልት ሪሌይ ላይ ከሆነ እውነትህን ነው፣ ቅቤም ብትቀባው ይሠራል። 8 ኪሎ ቮልት ላይ ግን የአምስት ደቂቃው የመጨረሻው ምርጫ ነው። ወፍራም ነው፣ ስታማስለው የገባበት አየር ለመውጣት ጊዜ ሳያገኝ ይጠነክራል። ሙቀትም አይወድም።

መዳብ ሽቦ፣ ወደ ጠረጴዛው ሬዚን ልምጣ። ጥርት ማለቱ ለኮይል ምንም አይጠቅምም፣ ምናልባት አረፋውን ቆጥረህ ለመናደድ ካልሆነ። ችግሩ ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንዱ ሙቀት ነው። በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 60 ዲግሪ ሲደርስ ከጠንካራነት ወደ ላስቲክነት ያልፋል። ትራንስፎርመርህ 80 ቢገባ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ሲበርድ ይጠነክራል፣ በየቀኑ እንዲህ ሲመላለስ ይላቀቃል። ሞገድ የጠቀሳት ጠፍጣፋ ክፍተት ከየት እንደምትመጣ አየህ? ለኤሌክትሪክ የተሠራ፣ ሞቅ ባለ ኦቭን ውስጥ ተጋግሮ የሚጨርስ ኢፖክሲ ይሄን ገደብ ብዙ ከፍ ያደርገዋል። የክፍል ሙቀቱንም ከደረቀ በኋላ 60 ወይም 80 ላይ ብታቆየው ይሻሻላል፣ ግን ተአምር አትጠብቅ።

ሁለተኛው መስፋትና መጥበብ ነው። መዳብ በዲግሪ በሚሊዮን 17 ያህል ይሰፋል፣ ፌራይት 10 ገደማ፣ ባዶ ኢፖክሲ ግን 50 እስከ 70። በሲሊካ ዱቄት የተሞላው ኢፖክሲ ወደ 30 ይወርዳል። ፋብሪካዎቹ ዱቄት የሚጨምሩት ዋጋ ለመቀነስ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ዋናው ምክንያት ግን ይሄ ነው። ሙቀት ማስተላለፍም ይጨምራል። ባዶ ኢፖክሲ በሜትር በዲግሪ 0.2 ዋት ያህል ነው፣ የተሞላው ሦስት አራት እጥፍ ይደርሳል። የቆመ አየር ደግሞ 0.026 ብቻ ነው፣ ስለዚህ መጥፎው ሙጫ እንኳን ከአየር ይሻላል። «ሲዘጋ ይታፈናል፣ ይግላል» የሚለው ወሬ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ሦስተኛው ራሱ የሚያወጣው ሙቀት ነው። ሬዚንና ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ሲዋሃዱ ይግላሉ፣ ብዛቱ ሲጨምር ግለቱ ማምለጫ ያጣና ራሱን በራሱ ያፋጥናል። ጽዋ ሙሉ ፈጣን ኢፖክሲ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ጭስ ሲወጣው ያላየ የለም። ጥቅል ውስጥ ይሄ ሲሆን መሃሉ በግለት ይደርቃል፣ ዳሩ በኋላ ይጠብባል፣ ስንጥቅ ይመጣል። ለወፍራም ሥራ ዘገምተኛ ሃርድነር ነው የሚያዘው።

ደግሞ ሃርድነር በዛ ብሎ ቢገባ ቶሎ ይደርቃል የምትሉ ካላችሁ፣ ለኢፖክሲ አይሠራም። ልኬቱ የኬሚስትሪ ነው፣ ትርፉ ሳይዋሃድ ውስጥ ይቀራል፣ ሙጫው ለስላሳና እርጥበት የሚጠጣ ይሆናል። በሚዛን መዝኑ። ድብልቁን ካማሰላችሁ በኋላ ወደ ሌላ ንጹሕ ጽዋ ገልብጣችሁ እንደገና አማስሉ፣ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው ያልተዋሃደ ሙጫ እንዳይገባ።

መዳብ ሽቦ

ሞገድ፣ እንዳልከው ነው። እንደገና አየሁት። የከፍተኛ ቮልቱ መውጫ ሽቦ ቀይ የሲሊኮን ሽፋን ያለው ነው። በጣቴ ይዤ ስስበው ሽፋኑ ከሙጫው ውስጥ እንዳለ ሸርተት ብሎ ወጣ። ቀዳዳው ውስጡ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፣ አንዴም ተጣብቆ የማያውቅ ይመስላል። ጥቁሩ መስመርም የሚነሳው የዚህ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ፣ ሽቦው ከጥቅሉ ጋር የተበየደበት ቦታ ነው።

ሞገድ

በቃ ነፍሰ ገዳዩ ተያዘ። ኢፖክሲ ከሲሊኮን ጋር አይጣበቅም። ከቴፍሎንም፣ ከፖሊኤቲሊንም አይጣበቅም። የተበየደበት ቦታ ሹል ነው፣ ፊልዱ እዚያ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ አጠገቡ ደግሞ ከውጭ ድረስ የተከፈተ የአየር ቱቦ አለ። እርጥበትም በዚያው ይገባል።

አዲሱን ስትሠራ ብየዳውን እንደ ኳስ ክብና ለስላሳ አድርገው። የተረፈ የሽቦ ጫፍ እንዳይቀር። አንድ የተረሳ ሹል ጫፍ ያንን ሁሉ ሙጫ ዋጋ ያሳጣዋል።

የጥቅሉ አሠራርም ሙጫው ይግባ አይግባ ይወስናል። ብዙ ሰው በየንብርብሩ መሃል ቢጫውን የፖሊስተር ቴፕ ጥብቅ አድርጎ ይጠመጥማል። ቆንጆ ይመስላል። ግን ሙጫ አያሳልፍም፣ ከሥሩ ያለው አየር እንደታሸገ ይቀራል። ሙጫ የሚጠጣ ነገር ተጠቀም፣ ክራፍት ወረቀት፣ አራሚድ ወረቀት፣ የብርጭቆ ጨርቅ። በጫፍና በጫፍ መግቢያ ተውለት። ለከፍተኛ ቮልቱ ደግሞ ክፍል ክፍል ያለው ቦቢን ካገኘህ እሱ ይሻላል። ቮልቱ በየክፍሉ ይከፋፈላል፣ የመጀመሪያው ሽቦና የመጨረሻው ሽቦ ጎን ለጎን አይገናኙም።

ፌራይት ኮር

ስለ ኮሩ ማንም አላነሳም። ፌራይት መጨመቅ አይወድም። ጠንካራ ሙጫ ዙሪያውን ይዞ ሲጠብብ ኢንደክታንሱ ይወርዳል፣ ኮር ሎስ (ኮሩ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል) ይጨምራል፣ ሲብስ ኮሩ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ኮር ከውጭ አይታይም፣ ኢንቨርተሩ (ትራንስፎርመሩን የሚነዳው ሰርኪት) ግን ያውቀዋል፣ ትራንዚስተር ይበላል።

ኮሩን ከመሙላትህ በፊት በስሱ ለስላሳ ነገር አልብሰው። ወይ ሙጫውን ጥቅሉ ላይ ብቻ አድርግና ኮሩን በኋላ ክተተው። እኔ ሁለተኛውን ነው የምመርጠው፣ ኮር ሲበላሽ መቀየርም ይቻላል።

ሌላው ካፓሲታንስ ነው። በሽቦዎቹ መካከል አየር የነበረበት ቦታ 4 እጥፍ ኮንስታንት ባለው ነገር ሲሞላ የጥቅሉ የራሱ ካፓሲታንስ ያድጋል፣ ሬዞናንሱ (የራሱ ተፈጥሯዊ ፍሪኩዌንሲ) ይወርዳል። በጣም የከፋው ሁኔታ፣ ማለት ፊልዱ ሁሉ ሙጫ ውስጥ ነው ብንል፣ በግማሽ ሊወርድ ይችላል፣ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ስለሆነ። በተግባር ኢናሜሉና ወረቀቱ ቀድሞም ስላሉ ከዚያ ያነሰ ነው የሚወርደው። ኢንቨርተርህ በሬዞናንስ የሚሠራ ከሆነ ግን ከሞላህ በኋላ እንደገና ማስተካከል አይቀርልህም። «ሳይሞላ ይሠራ ነበር፣ ሞልቼው እምቢ አለ» የሚለው ለቅሶ ግማሹ ከዚህ ነው።

መዳብ ሽቦ

እሺ፣ የጠረጴዛውን ሬዚን ለጠረጴዛ ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሲሊኮን ሽፋን ያለውን ሽቦ ካልቀየርኩ ምን ዓይነት ሙጫ ይሻለኛል? ደግሞ ቫኪዩም (አየሩን መምጠጥ) የግድ ነው? የፍሪጅ ኮምፕረሰር አለኝ።

ሃርድነር

የሲሊኮን ሽቦ ካለህ የሲሊኮን ሙጫ አስብ። ሁለት ክፍል ያለው፣ ለመሙያ የሚሆን፣ ቀጠን ያለው። ለስላሳ ስለሆነ ኮሩን አይጨምቅም፣ ሙቀትና ብርድ አይረብሸውም፣ ቮልት የመቻል አቅሙም ከኢፖክሲ ብዙ አይርቅም። ከመዳብና ከፕላስቲክ ጋር እንዲጣበቅ ግን ፕራይመር (ቀድሞ የሚቀባ ማያያዣ) ይፈልጋል፣ እሱን አትዝለል፣ ካልተጣበቀ ተመልሰን እዚያው ጠፍጣፋ ክፍተት ላይ ነን።

የመስኮት ማሸጊያውን ሲሊኮን አምጥተህ እንዳታደርገው። ያ የኮምጣጤ ሽታ ያለው አሴቲክ አሲድ እያወጣ ነው የሚደርቀው፣ መዳብን አረንጓዴ ያደርገዋል። ከአየር እርጥበት ስለሚደርቅም ወፍራም ከሆነ መሃሉ ለሳምንታት እርጥብ ይቀራል።

በፕላቲነም የሚደርቀው ሲሊኮን የሚጠላቸው ነገሮች አሉ፣ ድኝ ያለው ጎማ፣ አሚን፣ አንዳንድ የቆርቆሮ (ቲን) ውህዶች። የብየዳ ፍላክስ ትራፊም ሊያስቸግረው ይችላል። ከነካቸው ዳሩ ላይ ሳይደርቅ እንደ ማር ይቀራል። ብየዳውን በአልኮል እጠብ፣ መጀመሪያ በትንሹ ሞክር። ኢፖክሲ የነካ ጽዋና ማማሰያም አትጠቀም።

ሌሎቹን በአጭሩ። ፖሊስተር ሬዚን ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለው ስታይሪንም አንዳንድ ኢናሜል ያለሰልሳል፣ ለኮይል ተብሎ ካልተሠራ ተወው። ፖሊዩሪቴን ለስላሳና ደህና ነው፣ ግን እርጥበት ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ አረፋውን ራሱ ይሠራልሃል። ውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ኬሚካልም ለሳንባ አደገኛ ነው።

ጠቅላዩ

ለ8 ኪሎ ቮልት ቫኪዩም የግድ ነው እላለሁ። የፍሪጅ ኮምፕረሰር ለዚህ ይሆናል፣ ዘይቱን እያየህ ሙላለት ብቻ።

ቅድሚያ ሙጫውን ብቻውን። ዕቃውን ከሩብ በላይ አትሙላ፣ ቫኪዩም ሲገባ አረፋው ተነስቶ በብዙ እጥፍ ያብጣል። ዳር ሲደርስ ትንሽ አየር አስገባ፣ መልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ሳብ። በመጨረሻ ራሱ ፈርሶ ይወድቅና ጥቂት አረፋ ብቻ ብቅ ብቅ ይላል። ያኔ ደርሷል። ከዚያ በላይ አትጎትት፣ ሙጫው ውስጥ ያሉ ቀላል ነገሮች ራሳቸው መፍላት ይጀምራሉ፣ የማያልቅ አረፋ እያየህ ታድራለህ።

ከዚያ ጥቅሉ። ቀድሞ የደረቀና ሞቅ ያለ ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ጥቅሉ ቫኪዩም ውስጥ እያለ ሙጫውን በቱቦ ከሥር ማስገባት ነው። ያንን ማድረግ ካልቻልክ ከአንድ ጥግ በቀጭኑ አፍስስ፣ ሙጫው ከሥር እየሞላ አየሩን ወደ ላይ ይግፋ። መሃል ላይ ገልብጠህ ከሞላህ አየሩን ራስህ ቀበርከው። ከዚያ ቫኪዩም ስጠው፣ ቆይ፣ ልቀቀው። ሥራው የሚሠራው ስትለቀው ነው፣ የውጭው አየር ሙጫውን ወደ ሽቦው መሃል ይገፋዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው።

ሒሳቡን ለሚወድ ሰው፣ በከባቢ አየር ግፊት መቶኛ ላይ የቀረ አረፋ ሲለቀቅ ይዘቱ መቶ እጥፍ ያንሳል። ዲያሜትሩ ግን ወደ አምስተኛው ገደማ ብቻ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቫኪዩም አስማት አይደለም፣ ደህና ማማሰልና ደህና ማፍሰስ ከሌለ ያንን ሁሉ አያድንም።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር። 25 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክዳን ላይ አየሩ ወደ 500 ኪሎ ይጫናል። የጃም ማሰሮ፣ ስስ ፕላስቲክ፣ ቀጭን መስታወት አይሆንም። ወደ ውስጥ ይፈነዳል፣ ስብርባሪው ግን ወደ ውጭ ይመጣል። ወፍራም የብረት ድስትና ወፍራም አክሪሊክ ክዳን፣ ዓይን ላይ መነጽር።

ሲሊኮኑን በተመለከተ ከሃርድነር ትንሽ እለያለሁ። የሚነዝር ቦታ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ለስላሳ ሙጫ ከባድ ኮር አይዝም። እኔ ብሆን የሲሊኮን ሽቦውን ቀይሬ በዱቄት የተሞላ ኢፖክሲ እሠራው ነበር።

ሃርድነር

ጠቅላዩ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኮሩ በብሎን ከታሰረ ሙጫው ምን ይያዝ? ሥራው ቮልት መለየት ነው። ደግሞ ወፍራም በዱቄት የተሞላ ኢፖክሲ ቀጭን ሽቦ መሃል ለመግባት ምን ያህል እንደሚለግም አንተ ታውቀዋለህ። ዱቄቱ ከላይኛው ንብርብር ላይ እንደ ወንፊት ይጣራና ውስጥ የሚገባው ባዶው ሙጫ ነው።

ጠቅላዩ

እሱስ እውነት ነው። በፋብሪካ ኦቭንና በሙሉ ቫኪዩም ነው የሚሠሩት። በሬዚን የተሞሉት ደረቅ የሕንጻ ትራንስፎርመሮች፣ በአይ.ኢ.ሲ 60076-11 (የደረቅ ትራንስፎርመሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ) የሚመዘኑት፣ ኢፖክሲያቸው በቫኪዩም የተሞላ ነው። ዘይት ስለሌላቸው አያፈሱም፣ እሳትም አያባብሱም። ግን ያንን በእጅ ዕቃ መድገም ከባድ ነው፣ እቀበላለሁ።

ፊውዝ በጠሰ

ዘይት ካልክ አይቀር፣ ለምን ዘይት ውስጥ አይከተውም? ሁሉ ነገር አለቀ።

ሞገድ

ለአንዴ ጥሩ ነገር ተናገርክ 😄 የትራንስፎርመር ዘይት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ብልጭታ ቢነሳ ዘይቱ ተመልሶ ቦታውን ይሞላል፣ ጠንካራ ሙጫ ግን ጠባሳውን ይዞ ይኖራል። ጉዳቱ መፍሰሱና እርጥበት መሳቡ ነው፣ ትንሽ ውሃ ገብቶበት አቅሙ ክፉኛ ይወርዳል። ለሚገለባበጥ ዕቃ አይሆንም። ለሙከራ ግን ተወዳዳሪ የለውም። መዳብ ሽቦ፣ ጥቅሉን ከመሙላትህ በፊት በሙሉ ቮልት መሞከር ከፈለግክ ንጹሕ ዘይት ውስጥ ነክረህ ሞክረው፣ አየር ውስጥ ብትሞክረው በላዩ ላይ ይዘላል። ያንን ጥቅል ግን መልሰህ አትሙላው፣ ዘይት የነካው ነገር ላይ ሙጫ አይይዝም። አንድ የሙከራ ጥቅል ለብቻ ሥራ።

መዳብ ሽቦ

ከሞላሁ በኋላስ ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ? መልቲሜትር ያለኝ፣ አንድ የኢንደክታንስ መለኪያ፣ ከዚያ 500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ)።

ፌራይት ኮር

ከመሙላትህ በፊት ያለውን ቁጥር ጻፍ፣ ሬዚስታንስ፣ ኢንደክታንስ፣ ኪው (የጥቅሉ የጥራት ቁጥር፣ ኃይል ሲባክን የሚወርድ)። ሞልተህ ሲደርቅ ድገመው፣ በክፍል ሙቀት። ሬዚስታንሱ መለወጥ የለበትም። ኮሩ አብሮ ከተሞላ ኢንደክታንሱ ትንሽ ቢወርድ ጭመቱ ነው፣ በብዙ ከወረደ ኮር ሰንጥቀሃል። ኪው ድንገት ከወደቀ ውስጥ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ሾርት አድርጓል።

ሜገሩን በፕራይመሪና በሴኮንደሪ መካከል፣ ከዚያ ከእያንዳንዳቸው ወደ ኮሩ፣ ለ1 ደቂቃ። የምታነበው ቁጥር በጊዜ ሂደት ከወጣ ጥሩ ነው፣ ባለበት ቆሞ ዝቅተኛ ከሆነ እርጥብ ነው። ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል፣ በየ10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ፣ ስለዚህ ትኩሱን ከቀዝቃዛው ጋር እያነጻጸርክ አትደንግጥ። ግን ሜገር 8 ኪሎ ቮልት ላይ ያለችውን አረፋ አያይልህም። 500 ቮልት ለእሷ ምኗም አይደለም።

ሞገድ

አረፋዋን ለመስማት ጨለማና ጸጥታ ይረዳል። ሙሉ ቮልት ስጠው፣ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ መብራት አጥፋ። የላይ ላዩ ብልጭታ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ጣቢያ ያልያዘ ራዲዮ አጠገቡ አድርግ፣ ውስጥ ዲስቻርጅ ካለ ከኢንቨርተሩ ጩኸት የተለየ መንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ቮልቱን ቀስ ብለህ ስታወርድ በአንድ ነጥብ ላይ ድርግም ይላል። ያ ነጥብ ከሥራ ቮልትህ በታች ከሆነ ብልጭታው በሥራ ላይም አለ ማለት ነው። እንደ ላብራቶሪ መለኪያ አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

ለመልቲሜትርህ እዘንለት። 8 ኪሎ ቮልት ላይ አታስገባው፣ የከፍተኛ ቮልት ፕሮብ ከሌለህ ቁጥሩ ይቅር። ካጠፋህ በኋላም ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር ሳታወርድ እጅ አትስደድ።

ሃርድነር

እኔ ጓንት ሳልናገር አልሄድም። ኢፖክሲና ሃርድነር ቆዳ ላይ ደጋግሞ ሲነካ አለርጂ ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ አይለቅም፣ ሽታው ብቻ ፊትህን ያሳብጠዋል። ናይትራይል ጓንት አድርግ፣ ላቴክሱን ተው። ለፕላቲነም ሲሊኮንም ላቴክስ ጠላቱ ነው፣ ድኝ አለበት። የድሮውን ስትሰነጥቅ የወጣው አቧራም ሲሊካና ብርጭቆ ሊኖርበት ይችላል፣ ማስክ።

መዳብ ሽቦ

እሺ፣ እንዲህ አደርጋለሁ። ባለ 24 ቮልቱ ብሎኑ ተጠብቆ ቫርኒሽ ይገባል። ለከፍተኛ ቮልቱ ክፍል ያለው ቦቢን፣ ክራፍት ወረቀት፣ ክብ ብየዳ፣ ፕራይመር፣ ሁለት ክፍል ሲሊኮን በቫኪዩም፣ ኮሩ በኋላ የሚገባ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። ሽቦው ከሙጫው የሚወጣው ወደ ላይ ይሁን ወደ ጎን?

ጠቅላዩ

በምትሞላበት ጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ወደ ጎን ከወጣ ከሥሩ አረፋ ይያዝበታል፣ ሽቦው ራሱ ጣሪያ ይሆንለታል። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ከሆነ ደግሞ ውጭ የሚቀረውን ጫፍ በብየዳ ዝጋው። ካልዘጋኸው ቫኪዩሙ በክሮቹ መሃል ከውጭ አየር እየሳበ ጥቅሉ ውስጥ ያስገባልሃል፣ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ አረፋ ሲወጣ ይውላል።